የበኃይሉ ወንፈል

ካቻምና በልግ አልዘነበም። መጋቢት ላይ ደመና መጥቶ ተመለሰ። ሚያዝያ ላይ ደመናውም አልመጣም። ክረምት ገባና ገብስ ዘራን። ጥሩ በቀለ። ሊያሸት ሲል ውርጭ መታው። ጠዋት ወጥተን ስናይ ማሳው ነጭ ነበር፤ ፀሐይ ሲነካው ጠቆረ። ያጨድነው ለከብት የሚሆን ገለባ ነው፤ ፍሬ አልነበረውም። በጎቹ ከሱ። የከሳ በግ ጠጉሩ ይረግፋል፤ የቀረውም ሲፈትሉት ይበጣጠሳል።

ከጥምቀት በኋላ ወጣቶቹ መሄድ ጀመሩ። ወደ ደብረ ብርሃን ነው የሚሄዱት፤ እዚያ ፋብሪካ አለ። ማንንም አልወቀስሁም።

እኔ ወዳጆ እባላለሁ። የምኖረው ሞላሌ ነው። የሱፍ ሥራ ማኅበራችን ዘበኛ ነኝ፤ ገበሬው የሚያመጣውን የበግ ጠጉር የምረከበውም እኔ ነኝ። ቀድሞ ሸማኔ ነበርሁ። ጉልበቴ ሲደክም መሸመኛውን ለልጆቹ ለቅቄ በሩን ያዝሁ። በር ጥሩ ነው። የሚገባውም የሚወጣውም ይታያል።

አምና የሚወጣው በዛ። ማኅበሩ ሰው ይቀበላል፣ መፍተልና መሸመን ያስተምራል። ባና ሠርቶ ለማውጣት ጊዜ ይፈጃል። ባና እኛ ደጋ ላይ የምንደርበው፣ ሌሊትም የምንለብሰው ወፍራም የበግ ጠጉር ልብስ ነው። ተማሪው እጁ ሲፈታ፣ ጠርዙ ሲቀናለት፣ አንድ ቀን ጠዋት ቦርሳ ይዞ በበሩ ያልፋል። «ጋሼ ወዳጆ፣ ደኅና ይሁኑ» ይለኛል። እኔም «በሰላም ግባ» እላለሁ። ሌላ ምን ይባላል።

ሥራ አስኪያጃችን እፀገነት የመሐል ሜዳ ልጅ ናት። አዲስ አበባ ተምራ ተመለሰች። አትቀመጥም፤ ገዢ ስትፈልግ፣ መኪና ስትለምን ትውላለች። ከአንድ ሆቴል ትልቅ የባና ትዕዛዝ ያመጣችልን እሷ ናት። «ጋሼ ወዳጆ፣ እኛ እኮ የደብረ ብርሃን ማሠልጠኛ ሆንን» አለችኝ አንድ ቀን፣ አንዱን ልጅ በዓይኗ እየሸኘች። «ይኼን ትዕዛዝ ካላደረስን ሌላ አይሰጡንም። ጠጄም ከሄደች መዝጋት ነው።»

ጠጄ ከሸማኔዎቻችን ሁሉ የምትበልጠው ናት። አባቷ በኃይሉ ጎረቤቴ ነበር። የሱን ነገር አስቀድሜ ልናገር።

ጠጄ ገና ታዝላ ሳለች ነው። ገብሴ ደርሶ ሳለ እግሬ ተሰበረ። ሰማዩ ጠቁሯል፤ በረዶ እንደሚጥል ሕፃን እንኳ ያውቃል። በኃይሉ የራሱን ሰብስቦ ጨርሶ ነበር፤ ማረፍ ይችል ነበር። ማጭዱን ይዞ መጣ። ብቻውን ሲያጭድ ዋለ። ማምሻውን በረዶው ወረደ፤ የኔ ገብስ ተከምሮ ነበር። «ወንፈል ነው» ብሎኝ ሄደ። ወንፈል እንግዲህ ቀን በቀን ነው፤ ዛሬ አንተ ለኔ ትውላለህ፣ ነገ እኔ ላንተ እውላለሁ። በኃይሉ ግን ሌላ አጨዳ ሳያይ ታሞ ሞተ። እኔ እግሬ ሲድን ማጭዴን ይዤ ከሚስቱ ከአረጋሽ ደጅ ሄድሁ።

«መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥቻለሁ» አለችኝ። «የማሳጭደው የለኝም። ወንፈሉ ይቀመጥ፣ ለልጄ ይሁን።»

በየዓመቱ አጨዳ ሲደርስ እጠይቃታለሁ። በየዓመቱ «ይቀመጥ» ትለኛለች። ተቀምጦ ከረመ።

ዘንድሮ አዲስ ዓመት እንደገባ እፀገነት ስብሰባ ሄዳ መጣች። ሠራተኛ እንዴት እንደሚያዝ የሚነገርበት ስብሰባ ነው።

«ሠራተኛ የሚሄደው ክብር ሲያጣ ነው አሉን» አለችኝ። «ከእንግዲህ የወሩን ምርጥ ሠራተኛ እንመርጣለን። ፎቶው በር ላይ ይሰቀላል።»

«ፎቶ?»

«ትልቅ ፎቶ። የመጀመሪያዋ ጠጄ ናት። አይንገሯት፣ ድንገት ትየው።»

የተማረ ሰው ያመጣውን ነገር ቶሎ አልቃወምም፤ ቶሎም አላመሰግንም።

በዚያው ሳምንት ጠጄ በማለዳ በበሩ አለፈች። ትንሽ ቦርሳ ይዛለች።

«ወዴት ነው?»

«ደብረ ብርሃን። ሰዎች ጠርተውኝ ነው። ፈቃድ ወስጃለሁ።»

«ትመለሻለሽ?»

«ለአሁኑ እመለሳለሁ።»

«ለአሁኑ» ያለችው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። ለእፀገነት አልነገርኋትም። የሰው ጉዞ የሰው ነው።

ቅዳሜ ገበያ ነው። እፀገነት በማለዳ ፎቶውን ሰቀለችው። ፎቶ አንሺው ጥቁር ክፈፍ ብቻ ነበረው መሰለኝ። እሷ ግን እንዲያምር ብላ ዙሪያውን አደይ አበባ ሰካችበት። ከሥሩ ጽሑፍ አለ፤ ጽሑፉ ደቃቅ ነው። ጥሩ ተሰቅሏል አልኋትና የታጠበ ጠጉር ለማስጣት ወደ ጓሮ ሄድሁ።

ጥቂት ቆይቶ ከበሩ ዋይታ ተሰማ።

ጥሩሸዋ የአገሩ አልቃሽ ናት። ድምጿ ከገደል ማዶ ይሰማል። ፊደል አልቆጠረችም። ወደ ገበያ ስታልፍ ያየችው ጥቁር ክፈፍ ያለው ትልቅ ፎቶ ነው፣ በአበባ የተከበበ። እኛ ዘንድ ያን የሚያህል ፎቶ የሚወጣው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። የተሸከመችውን ቅል መሬት አስቀምጣ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ጀመረች። ገበያተኛው ለቅሶ አልፎ አይሄድም። በጉን የሚጎትተው በጉን ይዞ ቆመ፤ ዕንቁላል የያዘችው ዕንቁላሏን ይዛ ቆመች። አንዱ «መቼ ሞተች?» ሲል ሌላው «ደብረ ብርሃን ሄዳ አልነበር» አለ። የሦስተኛው አፍ ላይ ሲደርስ መኪናው ተገልብጧል።

እኔ ስወጣ የሰማሁት ይኼንኑ ነው፤ መኪና ተገልብጦ ጠጄ ሞተች። ፎቶው ለምን እንደተሰቀለ አውቃለሁ፤ ግን የደብረ ብርሃኑን መንገድ ክፋትም አውቃለሁ። በሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። አረጋሽን ምን ብዬ እንደማያት አሰብሁ። ወንፈሉንም አሰብሁ።

እፀገነት ከቢሮ ሮጣ ወጣች። ፎቶውን የሰቀለችው ራሷ ናት፤ ግን መኪናውን ሲነግሯት እሷም ፊቷን ይዛ ማልቀስ ጀመረች።

ጥሩሸዋ ደረቷን እየደቃች ታወርዳለች፦

«ብርዱን ያባረረች በባና ጠቅልላ፣
ወዴት ሄደች ጠጄ ድሯን አንጠልጥላ።»

ሰዉ ይቀበላል። ከዚያ እያንዳንዱ የራሱን ይጨምር ገባ። አንዷ «የልጄ የሠርጓ ባና የሷ እጅ ነው፤ እስካሁን ጠርዙ አልሳሳም» ትላለች። በግ የሚጎትተው «በረት ሳድር ባናዋ ነው ያኖረኝ» ይላል። ምስክር የሚባል ወጣት ሸማኔያችን ግድግዳ ተደግፎ «ድሬ ሲበጠስብኝ ማንም ሳያይ መጥታ ትቀጥልልኝ ነበር» ይላል። እፀገነት «ሌላው ሁሉ ሲሄድ እሷ ነበረች እንድቀመጥ ያደረገችኝ» ትላለች። ይኼን ሁሉ ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። እኛ ሰውን ፊት ለፊት አናመሰግንም፤ ምስጋናውን ለመጨረሻው ቀን እናቆያለን።

ቀና ስል ከሕዝቡ በስተኋላ ሁለት ሴቶች አየሁ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ያለቅሳሉ። አንዷ አረጋሽ ናት። ልጇን ለመቀበል መኪና መቆሚያ ሄዳ ነበር። ሁለተኛዋ ጠጄ ናት።

ከመኪና ወርደው ሲመጡ የማኅበሩን በር ሰው ሞልቶታል። ማን እንደሞተ አልጠየቁም። እኛ ዘንድ መጀመሪያ ይለቀሳል፣ ቀጥሎ ይጠየቃል። ፎቶውን የጋረደው ደግሞ ሰዉ ነው። ጠጄ የሟቿን ስም ሳትሰማ እንባዋ ይወርዳል፤ ትንሿ ቦርሳ ክንዷ ላይ ናት።

ልጮኽ አፌን ከፈትሁ። ተውሁት። ትንሽ ትስማ አልሁ።

ጥሩሸዋ ደግማ አወረደችው። አሁን ጠጄ ቀና አለች። ነጠላዋን ከዓይኗ ላይ ገለጥ አደረገች። ምስክር ስለ ድሩ የሚለውን ሰማች። እፀገነት የምትለውን ሰማች። እናቷ ግን አልሰማችም፤ ማልቀሷን ቀጥላለች። ጠጄ በሰዉ መሐል እየተሹለከለከች ወደፊት መጣች፤ ፎቶውን አየች፣ ጥሩሸዋን አየች።

«እትዬ ጥሩሸዋ» አለች ቀስ ብላ፣ «እኔ ነኝ እንዴ የሞትሁት?»

ጥሩሸዋ አፏ እንደተከፈተ ቀረ። ዕንቁላል የያዘችው ሴት አማተበች፤ ዕንቁላሉ ግን አልወደቀም። በግ የሚጎትተው ሁለት እርምጃ ወደኋላ ሸሸ። በጉ ብቻ ሣር ይግጣል።

«በመኪና አልነበርሽም?» አለ አንዱ።

«ነበርሁ። ጎማ ፈነዳብን፣ ሌላ ቀየርን፣ መጣን።»

በመጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ አላየሁም። ቀጥሎ ሁሉም ሳቀ። ሴቶቹ ሳቁና እልል አሉ፤ እልልታው ከዋይታው ይበልጥ ነበር። አረጋሽ ነገሩን ከሰው ሁሉ በኋላ ነው የተረዳችው። ልጇን ከራስ እስከ እግር ዳበሰችና «እኔስ እያለቀስሁ ያለሁት ላንቺ ነው?» ብላ ትከሻዋን መታቻት።

ጥሩሸዋ ተቆጣች። «ለቅሶዬንስ ማን ይመልስልኛል? ድምፄ እንደሆን አለቀ። ዛሬ ሳምንት ተስካር አለብኝ።»

«እትዬ ጥሩሸዋ» አለች ጠጄ፣ «ጠርዟ የቀና፣ እጇ የተባረከ ሲሉ ሰምቻለሁ። አምና ባና ስሠራልዎ ጠማማ ነው ብለው አስፈትተውኛል።»

«አምና በሕይወት ነበርሽ» አለች ጥሩሸዋ፣ ቅሏን እያነሣች።

እፀገነት ግን አልሳቀችም። ፎቶውን አውርዳ በክንዷ አቅፋለች። ሰዉ ወደ ገበያው ሲበተን ጠጄን ግቢ ውስጥ ካለው አግዳሚ አስቀመጠቻት። እኔ፣ አረጋሽና ምስክር አጠገባቸው ነበርን።

«ደብረ ብርሃን ለምን ነበር የሄድሽው?»

«ፋብሪካ ጠርተውኝ ነው። የአንድ መስመር ኃላፊ እናድርግሽ አሉኝ። ከመስቀል በኋላ ግቢ ብለውኛል።»

«እና ልትገቢ ነው?»

ጠጄ ቦርሳዋን ከክንዷ አወጣች፤ መልሳ አስገባችው።

«ቆርጬ ነበር።»

«ምን አጎደልንብሽ? ንገሪኝ። ፎቶው እንኳ እንዲህ ሆኖ ቀረ።»

«ፎቶ አልፈለግሁም። የፈለግሁት ያንን ነው» አለችና በመስኮቱ በኩል ወደ ሥራ ቤቱ አመለከተች። ጥግ ላይ ፕላስቲክ የለበሰ ሰፊ መሸመኛ አለ። የረዳን ድርጅት የሰጠን ነው። ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ተቀምጦ መወርወሪያውን ይቀባበላል። «ከመጣ ጀምሮ ልቀመጥበት እጠይቃለሁ። ትዕዛዙ ይለቅ ትሉኛላችሁ። ትዕዛዝ መቼ አልቆ ያውቃል? ሁልጊዜ ያው ባና፣ ያው ስፋት። እጄ አወቀው፤ አሁን እኔ ሳልኖርም ይሠራል። አዲስ ነገር ካልተማርሁ እዚህም ያው፣ ደብረ ብርሃንም ያው ነው።»

«ሁለት ሰው ከሥራ ላነሣ አልችልም እኮ፣ ጠጄ።»

«አንድ ቀን ብቻ። የሚቀመጥልኝ ሰው አለኝ።» ወደኔ ዞረች። «ጋሼ ወዳጆ፣ የአባቴ ወንፈል አለብዎት።»

እኔም አለብኝ አልሁ።

«ለእኔ ተቀምጧል?»

«ላንቺ ተቀምጧል።»

«እንግዲያው እፈልገዋለሁ። ሰፊው መሸመኛ ላይ አንድ ቀን ይቀመጡልኝ።»

ምስክር ሳቀ። «የአጨዳ ወንፈል በሽመና ይመለሳል እንዴ? አጨዳ በአጨዳ ነው።»

«ወንፈሉ የኔ ነው» አለች አረጋሽ። «ያቆየሁትም እኔ ነኝ። በፈለግነው እናስከፍለዋለን። አንተ ምን አገባህ?»

«ጉልበትዎ ግን ጋሼ ወዳጆ?» አለች እፀገነት።

«በጉልበት አይወረወርም» አልሁ።

እፀገነት ፎቶውን አግዳሚው ላይ አጋድማ አስቀመጠች። ታስብ ነበር። ስታስብ ጥፍሯን ትነክሳለች።

«የዚያን ቀን የጠጄን ድርሻ ማን ይሠራል?»

«እኔ» አለ ምስክር። «ግን እኔም ቀን አለኝ ማለት ነው። ወንፈል ከሆነ ለኔም ይመለስልኝ። ጠጉሩን ላቅልም ብዬ ያሰብሁት ነገር አለ፤ አሥሬ ጠይቄያለሁ።»

«አንተም?»

«ሁሉም አለው። ጠይቂያቸዋ።»

እፀገነት ሰኞ ዕለት ጠየቀቻቸው። እኔ በሩ ላይ ሆኜ እሰማ ነበር። አንዷ ኮፍያ ልሞክር አለች። ሌላዋ ጠጉሩን ከማጠባችን በፊት እንለየው፣ እኔ አሳያችኋለሁ አለች። ለመሄድ ሲዶልት የነበረ አንድ ልጅ ደግሞ ስልክ ላይ መሸጥ ልማር አለ። በመጨረሻ እንዲህ ተባለ፦ ረቡዕ ረቡዕ አንዱ የራሱን ሥራ ይሠራል፤ የሱን ድርሻ ሌሎቹ ይሠሩለታል፤ እሱም በተራው ይመልሳል። እፀገነት ለዚህ ነገር ረጅም የቢሮ ስም ልታወጣለት ፈልጋ ነበር። ሠራተኞቹ ወንፈል ነው አሉና ቀረ።

ከመስቀል በፊት ባለው ረቡዕ ፕላስቲኩ ተገፈፈ። ጠጄ ድሩን አስቀድማ አድርታው ነበር። እኔ በግራ፣ እሷ በቀኝ ተቀመጥን። መሸመኛ ከለቀቅሁ ቆይቻለሁ። የመጀመሪያውን ስወረውር መወርወሪያው ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ።

«ጋሼ ወዳጆ፣ ደብረ ብርሃን አላደረሰውም» አለ ምስክር ከወዲያ።

«አንተ ክርህን ቀጥል» አልሁት።

ሁለተኛው ደረሰ። ሦስተኛውን ጠጄ ሳታይ ተቀበለችው። ከዚያ እጄ ራሱ አስታወሰ። እኔ እወረውራለሁ፣ እሷ ትመታለች፤ እሷ ትወረውራለች፣ እኔ እመታለሁ። ነጩን በነጭነቱ፣ ጥቁሩን በጥቁረቱ፣ ቡናማውንም እንዲሁ፣ በጉ እንደሰጠን ሳናቀልም አስገባነው። ጥቁሩ ሰፋ ይላል፣ ነጩ ያቋርጠዋል፣ ቡናማው ጠመም ብሎ ይወጣል። እንዲህ ያለ ባና አይቼ አላውቅም። ምን እንደሆነ ጠየቅኋት።

«ከደብረ ብርሃን ስመለስ በመኪናው መስኮት ያየሁት ነው» አለች። «የታረሰው፣ ያልታረሰው፣ የገብሱ። እየተለየሁት ነው ብዬ አተኩሬ ሳየው ነበር።»

እየሠራን ስልኳ ጮኸ። እጇን ስላልፈታች ድምፁን ከፍታ ጭኗ ላይ አኖረችው። ከደብረ ብርሃን ነው፤ ሰውየው ትሑት ነው።

«እኅት ጠጄ፣ ሰኞ ትገቢያለሽ አይደል?»

«አልገባም፣ ወንድሜ። ይቅርታ።»

«ምነው? የተሻለ ቦታ አገኘሽ?»

«ወንፈል አለብኝ።»

«ምን አለብሽ?»

«ወንፈል። ምስክር ዛሬ የኔን እየሠራልኝ ነው፤ ለሱ እመልሳለሁ። ሌሎቹም አሉ።»

«መቼ ያልቃል?»

«አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይጀምራል።»

ሰውየውም «አልገባኝም» አለ።

«ጋሼ ወዳጆ፣ ይወርውሩ» አለችኝ። ወረወርሁ። እፀገነት በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ሰምታለች። ወደ ቢሮዋ ተመለሰች። እያዜመች ነበር።

ቀትር ላይ አረጋሽ መጣች። ቂጣ፣ ቆሎና ጠላ ይዛለች። ወንፈል የዋለ ሰው የሚበላው ሥራው ከሚሠራለት ቤት ነው። ሁሉም ተጠርቶ በላ። ጥሩሸዋም እግረ መንገዷን ነው ብላ ገባች። ባናውን አገላብጣ አየችና «በሕይወት ሳለሽ ልናገር እንግዲህ፣ ጥሩ ነው» አለች። ጠጄ ጠላ ቀዳችላት።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ጀርባዬ አልታዘዝ አለኝ። ባናው ገና እኩሌታ አልደረሰም።

«የቀረውን ማን ይቀመጥልኛል?» አለች ጠጄ።

«እኔ» አለ ምስክር። «አሳይኝ እንጂ።»

ከመሸመኛው ተነሥቼ ቦታዬን ለቀቅሁለት። ጠጄ የመጀመሪያውን አወራወር አሳየችው። የሱም ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ። ምንም አላልሁትም።

አጠገቧ ቆሜ ጥቂት አየኋት። ከዚያ «እጅሽን ቁርጥማት አይንካው» አልኋት። ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው የተናገርሁት፤ ሁሉም ዞሮ አየኝ።

«ሞቼ ነው እንዴ ደግሞ?» አለች ጠጄ፣ ዓይኗን ከድሩ ሳታነሣ። ሳቀች፤ ሳቋ ከአንገት በላይ አልነበረም።

አረጋሽ ሰሐኑን እየሰበሰበች ነበር። ቀና ብላ ልጇን አየች፣ ሰፊውን ባና አየች፣ ቀጥላ እኔን አየች። አጨዳ በደረሰ ቁጥር የምትለኝን ቃል ጠበቅሁ።

«ወዳጆ» አለችኝ፣ «የበኃይሉ ቀን ተመልሷል።»